ባንድ ተከትሎ አውሮፓን መዞር፦ በአውቶቡስ፣ በባቡር፣ በአውሮፕላን ወይስ በመኪና?

የአሜሪካው የሮክ ባንድ ሜታሊካ በ2023 አምስተርዳም ላይ የጀመሩት የዓለም ዙር የሰው ኪስ ለማራቆት የታሰበ ነው የሚመስለው። በብዙዎቹ ከተሞች ሁለት ማታ ይጫወታሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ አርብና እሑድ። አርብ የተጫወቱትን ዘፈን እሑድ አይደግሙትም። አንዱን ማታ ብቻ ያየ ሰው ግማሹን ነው ያየው።

እናቴ በስልክ «ሁለት ቀን ምን ይሠራልሻል?» ስትለኝ «ዘፈኑ ይለያያል እኮ» አልኳት።

«ታዲያ ደህና የሚዘፍኑበትን ቀን መርጠሽ አትገቢም?»

መልስ አልነበረኝም። ብቻ ሁለቱንም ቀን ገባሁ። በ2023 ሃምቡርግ፣ በ2024 ደግሞ ሙኒክ፣ ኮፐንሃገንና ዋርሶ። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ወደ ሃምቡርግ በሰው መኪና፣ ወደ ሙኒክ በባቡር፣ ወደ ኮፐንሃገን በሌሊት አውቶቡስ፣ ወደ ዋርሶ በአውሮፕላን ሄድኩ። አቅጄው አይደለም፤ በጊዜው የቀናኝን ነው የያዝኩት። ከዚያ ወዲህ «እኔም ልሄድ ነው፣ በምን ይሻለኛል?» የሚለኝ ሰው በዛ። ሮክ የምንሰማ ሐበሾች ብዙ ስላልሆንን እርስ በርስ እንተዋወቃለን፤ ጃኖ ባንድን ሰምቶ የገባበት አለ፣ እንደኔ የጎረቤት ካሴት ያበላሸውም አለ። ለሁሉም አንድ በአንድ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው።

የአውቶቡስ ድርጅት፣ የአየር መንገድ፣ የመተግበሪያ ስም አልጠራም። ሁሉም ቀን ሲጎድልበት ያው ነው። ቀኑንና ዓመቱን በፈረንጅ፣ ሰዓቱን በሐበሻ ነው የምጽፈው፤ እንደለመድነው።

መለኪያው ምንድን ነው?

ሰው መጀመሪያ የሚያየው የትኬት ዋጋ ነው። እኔም እንደዛው ነበርኩ። አሁን ግን ቅድሚያ የምጠይቀው «ከኮንሰርቱ በፊት ያለችውን ሌሊት የት ነው የማድረው?» ብዬ ነው። እንቅልፍ ያላየ ሰው ስድስት ሰባት ሰዓት መቆም አይችልም። በርካሽ የተገዛ ትኬት ይዞ፣ ውድ የከፈለበት ኮንሰርት ላይ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ያንቀላፋ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለተኛዋ ጥያቄ «ቢዘገይስ?» ናት። ከኋላው ሌላ አለ ወይስ በቃ ቀረሁ?

ከዚያ በኋላ ነው ወጪው የሚመጣው፤ እሱም ከቤት እስከ ስታዲየም በር ያለው ሙሉ ወጪ። የሻንጣ ክፍያ፣ ከአየር ማረፊያ ወደ ከተማ የሚወስደው አውቶቡስ፣ ጣቢያ ላይ ዕቃ የሚቀመጥበት ሎከር፣ አገሩ ዩሮ ካልሆነ ምንዛሬው ጭምር። ዴንማርክ ክሮነር ነው፣ ፖላንድ ዝሎቲ። ማታ 5 ሰዓት አካባቢ ኮንሰርቱ ሲያልቅ በምን እንደምትወጡም አስቡ። የመጨረሻው መለኪያ ወረቀት ነው፤ እሱ ለእኛ ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ ከታች ለብቻው መጥቷል።

ሌላም ነገር አለ። ባንዱ እንዴት ያለ መድረክ እንደሚጠቀም ሳታዩ የጉዞ ትኬት አትቁረጡ። በዚህ ዙር የሜታሊካ መድረክ ሜዳው መሐል የተቀመጠ ቀለበት ነው። ቀለበቱ ውስጥም ሰው ይቆማል፣ ውጪውንም ዙሪያውን ሰው ነው። ከበሮ አራት ቦታ ተተክሏል፤ ከበሮ መቺው ላርስ ኡልሪክ እየተነሳ ይዟዟራል። ስለዚህ «ፊት ለፊት» የሚባል ቦታ የለም፣ መድረኩን ከሰው የሚለየው የአጥር ብረትም ረጅም ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ደርሳችሁ እንኳ ደህና ቦታ ልታገኙ ትችላላችሁ። መድረኩ አንድ ጥግ ላይ የሆነ ባንድ ከሆነ ግን ብረት ለመያዝ ከጠዋት ጀምሮ ወረፋ ነው፤ ያኔ የዚያኑ ቀን ጉዞ የሚባል ነገር አይታሰብም።

የሌሊት አውቶቡስ

ርካሹ እሱ ነው፣ ክርክር የለውም። ሻንጣም አያስጨንቅም፤ አንድ ከሆዱ፣ አንድ በእጅ። የአንድ ሌሊት የሆቴል ወጪም ያድናል ይላሉ። ያድናል፣ ግን እንቅልፉን ከፍላችሁ ነው።

ከፍራንክፈርት ኮፐንሃገን ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ማታ ተሳፈርኩ። ሃምቡርግን ካለፍን በኋላ አሁን ልተኛ ስል ፑትጋርደን የሚባለው የጀርመን ወደብ ደረስን። እዚያ አውቶቡሱ ራሱ መርከብ ላይ ይወጣል። ባሕሩን ለማቋረጥ 45 ደቂቃ ነው፤ ግን አውቶቡሱ ውስጥ መቀመጥ አይቻልም፣ ሁሉም ተነስቶ ደረጃውን ወደ ላይ መውጣት አለበት። ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ነጭ መብራት ሥር፣ ሽቶ የሚሸጥ ሱቅ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ ፀጉሬን እያሻሸሁ ነበር። ተመልሰን ገብተን ዓይኔን ልጨፍን ስል ደግሞ የዴንማርክ ፖሊስ ገባ። ፓስፖርት፣ መኖሪያ ፈቃድ። የእኔን ከሌላው ረዘም አድርጎ አየው። እሱን እንኳ ለምጄዋለሁ።

ጠዋት 1 ሰዓት ደረስኩ። ሆቴሉ ክፍል የሚሰጠው 9 ሰዓት ላይ ነው። የአውቶቡስ ትልቁ ጣጣ ይሄ ነው፤ የምትደርሱበት ሰዓት ለማንም የማይመች ነው። ስታዲየሙ፣ ፓርከን፣ አጠገቡ ፌሌድፓርከን የሚባል ሰፊ መናፈሻ አለው። እዚያ ሣሩ ላይ ሻንጣዬን ተንተርሼ ተኛሁ። ማታ መቼም ቆምኩ፤ ግን መሐል ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። ለእሑዱ አንድ ቀን አርፌ ስለነበር ሌላ ሰው ሆኜ ገባሁ። ስለዚህ በአውቶቡስ የምትሄዱ ከሆነ አርብ ጠዋት ሳይሆን ሐሙስ ድረሱ። የአንድ ሌሊት ሆቴል ሲጨመርበት «ርካሹ» ያን ያህል ርካሽ አይደለም።

ካነሳሁት አይቀር፣ የኮፐንሃገኑ እሑድ ሰኔ 16፣ 2024 ነበር። በዚያው ቀን ጀርመን ላይ በአውሮፓ ዋንጫ ዴንማርክ ከስሎቬኒያ ይጫወታል። አጠገቤ የነበረ ሰውዬ ስልኩን ከፍ አድርጎ አሳየኝ፤ ኤሪክሰን ጎል አግብቷል። የዴንማርኩ ተጫዋች ክርስቲያን ኤሪክሰን ከሦስት ዓመት በፊት ልቡ ቆሞ የወደቀው እዚሁ ፓርከን ሜዳ ላይ ነበር። ሰውዬው እያለቀሰ ነበር። የሮክ ኮንሰርት ላይ እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሞኝ አያውቅም።

ባቡር

በወረቀት ላይ ምርጡ ባቡር ነው። ከመሐል ከተማ ተነስቶ መሐል ከተማ ያደርሳል፣ እግር ይዘረጋል፣ ሽንት ቤት አለው፣ ሻንጣ ማንም አይመዝንም። ከፍራንክፈርት ሙኒክ በፈጣኑ ሦስት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው።

እኔ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ተሳፈርኩ፤ 9 ሰዓት ተኩል እደርሳለሁ፣ ሻንጣዬን ሎከር አስገብቼ እሄዳለሁ ብዬ። ዉርዝቡርግ ላይ ቆመን ቀረን። ሲነሳ እንደገና ቆመ። ሙኒክ ስደርስ 12 ሰዓት ሆኗል፣ ሎከሩም ሞልቷል። ሻንጣ ይዤ ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ኦሎምፒክ ስታዲየም ሩጫ። የመጀመሪያው ባንድ አመለጠኝ፤ ሜታሊካ ላይ ግን ደረስኩ። መድረኩ ቀለበት ባይሆን ኖሮ የማየው የሰው ጀርባ ነበር። እየሮጥኩ ትዝ ያለኝ ምሩጽ ይፍጠር ነው። በ1972 ኦሎምፒክ እዚሁ ስታዲየም 10 ሺህ ሜትር ነሐስ ወስዶ፣ 5 ሺህ ሜትሩን በሰዓቱ ሳይገኝ ቀርቶ አመለጠው። እሱ ካመለጠው እኔ ማን ነኝ።

ደንቡ እንዲህ ይላል፦ ባቡር ከ60 ደቂቃ በላይ ከዘገየ የትኬቱን 25 በመቶ፣ ከ120 ደቂቃ በላይ ከሆነ 50 በመቶ ይመልሳሉ። መለሱልኝም። ያመለጠኝን ባንድ ግን ማን ይመልሰዋል? የባቡር ጥሩ ጎኑ ከኋላው ሌላ መኖሩ ነው፣ አውሮፕላን ይህ የለውም። ስለዚህ ጠዋት ተነሱ፤ የአራት ሰዓት መጠባበቂያ ያዙ። እሱን ከያዛችሁ ባቡርን የሚያህል የለም።

በርካታ አገር ለምታካልሉ ኢንተርሬል የሚባል፣ በአንድ ትኬት ብዙ አገር በባቡር የሚያዞር አለ። አውሮፓ ውስጥ በሕጋዊ ፈቃድ የሚኖር ሰው ሁሉ ይገዛዋል፤ ፓስፖርቱ የኢትዮጵያ ቢሆንም። በአንድ ወር ውስጥ 4 ቀን የሚያስጉዘው በ2024 ለአዋቂ ከ300 ዩሮ ትንሽ ዝቅ ይል ነበር፤ እስከ 27 ዓመት ላለ ወጣት ደግሞ ይረክሳል። ሦስት ነገር ግን ልብ በሉ። በምትኖሩበት አገር ውስጥ የሚሠራው አንዴ ለመውጣት፣ አንዴ ለመመለስ ብቻ ነው። የፈረንሳይና የስፔን ፈጣን ባቡሮች፣ የሌሊት ባቡሮችም፣ ለቦታ ማስያዣ ተጨማሪ ያስከፍላሉ። የሌሊት ባቡር ግን ከእኩለ ሌሊት በፊት ተሳፍራችሁ መሐል ላይ ካልቀየራችሁ እንደ አንድ ቀን ነው የሚቆጠረው፣ ይሄ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ከአሜሪካ የምትመጡ ዩሬል የሚባለውን ነው የምትገዙት፤ አሠራሩ ተመሳሳይ ነው።

ጀርመን ውስጥ ብቻ ለሚዞር ዶይቸላንድቲኬት አለ። በ2023 በ49 ዩሮ ጀመረ፣ ከ2026 ጀምሮ በወር 63 ሆኗል። ፈጣኑን ባቡር አይጨምርም፣ በየመንደሩ የሚቆመውን ነው። ተማሪ ከሆናችሁ፣ ጊዜም ካላችሁ፣ ችግራችሁ ይፈታል።

አውሮፕላን

ወደ ዋርሶ ነው በአውሮፕላን የሄድኩት፤ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ። አየር ላይ ሁለት ሰዓት አይሞላም። በነጋታው ሥራ ላለበት ሰው ከዚህ የተሻለ የለም።

ርካሽ የሚባለው በረራ ላይ ግን ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው የአየር ማረፊያው ስም ነው። ፍራንክፈርት ሃን የተባለው ከፍራንክፈርት 120 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ለሙኒክ ተብሎ የሚሸጠው ሜሚንገን ከሙኒክ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዋርሶም ከአንድ በላይ አለው፤ ሾፐን ከተማው ውስጥ ነው፣ ሞድሊን ከከተማው ወጣ ብሎ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሃን የሚያርፍ በረራ ርካሽ የሆነው ለምን እንደሆነ የሚገባችሁ እዚያ ስትቆሙ ነው።

ሁለተኛው ሻንጣ ነው። ወንበር ሥር የሚገባ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ነው ነፃ። እኔ ስመለስ የገዛሁት ቲሸርት ቦርሳዬን አሳብጦት በሩ ላይ ያለው የመለኪያ ሣጥን ውስጥ አልገባ አለ። አስከፈሉኝ። ከዚያ ወዲህ የገዛሁትን ሁሉ እላዬ ላይ ደርቤ ነው የምሳፈር፤ በሐምሌ ሙቀት ሦስት ቲሸርት።

ቢዘገይ? ከ1,500 ኪሎ ሜትር በታች የሆነ በረራ በአየር መንገዱ ጥፋት ከሦስት ሰዓት በላይ ከዘገየ 250 ዩሮ ካሳ አለ። ከተሰረዘ ግን ቀጣዩ በረራ ምናልባት በነጋታው ነው። ስለዚህ በኮንሰርቱ ቀን አትብረሩ። አንድ ቀን ቀደም በሉ።

መኪና

ሃምቡርግ በ2023 የፈረንጅ ጰራቅሊጦስ ሰሞን ነበር። ወንበር በመጋራት ከማላውቃቸው ሦስት ሰዎች ጋር ሄድኩ። ሹፌሩ ያው የእኛው ዓይነት በሽተኛ፤ እስከ ካሰል ድረስ የድሮ ኮንሰርት ቅጂ ሲያሰማን ነበር። የበዓል መንገድ እንዴት እንደሚሆን ጀርመን የኖረ ያውቀዋል። ኤልበ ወንዝ ሥር ያለው ዋሻ ጋ ስንደርስ ቆመን ቀረን፤ ስታዲየሙ ደግሞ ከዋሻው ማዶ ነው።

አራት ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ በነፍስ ወከፍ ከመኪና የሚረክስ ጥቂት ነው። ሻንጣ እንደልብ፣ ብርድ ልብስ እንደልብ። ከከተማ ውጭ ለሚደረግ ኮንሰርት ደግሞ ይመቻል፤ በ2024 «ቪየና» የተባለው ኮንሰርት የተደረገው ቪየና ሳይሆን ኤብራይክስዶርፍ ነበር። ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት ቦታውን ካርታ ላይ እዩ።

ሲያልቅ ነው ችግሩ። አምሳ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ሲወጣ መኪናው ከቆመበት አይንቀሳቀስም። በእግር የሄደው ሰው ሆቴሉ ገብቶ እግሩን ታጥቧል፣ እኛ ገና የፊተኛውን መኪና መብራት እናያለን። ሹፌሩ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ውሏል። ሌሊቱን ነድቶ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር የሚመለስ ሹፌር ጋ አትግቡ፤ ይሄን የምለው ከልቤ ነው። ኦስትሪያና ስዊዘርላንድ የአውራ ጎዳና መክፈያ ቪኜት አላቸው። የስዊዙ የአመት ብቻ ነው፣ 40 ፍራንክ፤ ለአንድ ማታም ብትገቡ ያው።

ባጭሩ

| | ሙሉ ወጪ | እንቅልፍ | ቢዘገይ | ከኮንሰርት በኋላ | ሻንጣ |
|---|---|---|---|---|---|
| የሌሊት አውቶቡስ | ዝቅተኛ | የለም ማለት ይቻላል | ከባድ | እስኪነሳ መጠበቅ | ምቹ |
| ባቡር | መካከለኛ፣ ቀድሞ ለገዛ ዝቅ ይላል | ደህና | ከኋላው ሌላ አለ | እስከ ጠዋት ማደር | በጣም ምቹ |
| አውሮፕላን | ይዋዥቃል፤ ሻንጣው ይጨምረዋል | ጥሩ፣ ቀድሞ ከተደረሰ | ከተሰረዘ ጉድ ነው | ማደር ግዴታ | አስቸጋሪ |
| መኪና፣ አራት ሰው | ዝቅተኛ | ለሹፌሩ የለም | መንገዱ ይወስናል | ከማቆሚያው መውጣት ረጅም ነው | እንደልብ |

ወረቀት

የጀርመን ወይም የሌላ ሸንገን አገር መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው፣ ፓስፖርቱ የኢትዮጵያ ቢሆንም፣ በሌሎቹ ሸንገን አገሮች በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መዞር ይችላል። ፓስፖርትና ካርድ ሁለቱንም ያዙ፤ ፎቶው ስልኬ ላይ አለ ማለት አይሠራም። «ሸንገን ውስጥ ፍተሻ የለም» የሚለውን እርሱት። ዴንማርክ ከ2016 ጀምሮ ከጀርመን በሚያዋስናት ድንበር ትፈትሻለች፣ ጀርመንም ከመስከረም 2024 ወዲህ በሁሉም የየብስ ድንበሮቿ ላይ ትፈትሻለች። ጥገኝነት ጠይቃችሁ ውሳኔ የምትጠብቁ ከሆነ ግን ድንበር አትሻገሩ፤ ለእናንተ አገር ውስጥ ያለው ኮንሰርት ይበቃል።

ለንደን ሌላ ነገር ነው። የጀርመን ፈቃድ እዚያ አያስገባም፣ የእንግሊዝ ቪዛ ያስፈልጋል። ከአሜሪካ በግሪን ካርድና በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትመጡም የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋችኋል፤ ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ ማመልከት ይቻላልና ወር ሲቀረው አትሯሯጡ። መጀመሪያ ቪዛ፣ ከዚያ የማይመለስ ትኬት።

ታዲያ ለማን የቱ?

ተማሪ ከሆናችሁና ጀርመን ውስጥ ከሆነ፣ ዶይቸላንድቲኬት ይዛችሁ አንድ ቀን ቀድማችሁ ሂዱ። ከ28 ዓመት በታች ሆናችሁ ሦስት አራት አገር ካሰባችሁ ኢንተርሬል።

ሆስፒታል ወይም መጋዘን በፈረቃ የምትሠሩና ፈቃድ የማይበቃችሁ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ አውሮፕላን፣ ከዚያ በታች ከሆነ የጠዋት ባቡር። አርብና እሑድን ለማየት ሐሙስ ከሰዓትን፣ አርብንና ሰኞን ነፃ ማድረግ ያስፈልጋል። አለቃችሁን ቀድማችሁ ተናገሩ። እኔ «የቤተሰብ ጉዳይ» ብዬ ሄጄ የሥራ ባልደረባዬን ወረፋ ላይ አገኘሁት።

አራት ሆናችሁ የምትሄዱ፣ መኪና፤ ግን እሑድ ማታ እዚያው እደሩ። ብቻዋን የምትጓዝ ሴት ከሆነች እኔ ባቡር እላለሁ፣ ሆቴሉም ለጣቢያው ሳይሆን ለስታዲየሙ ይቅረብ። ማታ በእግር የሚገባበት ከሆነ ግማሹ ጭንቀት የለም።

ኪስ ባዶ ከሆነስ? ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው መዞሩን ተዉትና አንድ ከተማ ላይ ሁለቱንም ማታ እዩ። ሁለት ከተማ አንድ አንድ ማታ ከማየት ይረክሳል፣ የጉዞው ወጪ አንዴ ነው፣ የምትሰሙትም ዘፈን በሙሉ የተለያየ ነው። ሙኒክ ከሆነ ደግሞ ነፃ አማራጭ አለ፤ ከስታዲየሙ አጠገብ በጦርነቱ ፍርስራሽ የተሠራ ኮረብታ አለ፣ ሰው ምንጣፍ ይዞ ይወጣና ያዳምጣል። ቴይለር ስዊፍት በ2024 ስትመጣ በአስር ሺዎች ተቀምጠውበት ነበር። አጥርቶ ማየት አይቻልም፤ መስማት ግን ይቻላል።

የሻንጣ ነገር አላለቀም። ብዙ ስታዲየም ከኤ4 ወረቀት የሚበልጥ ቦርሳ አያስገባም። የጀርመን ጣቢያ ሎከር እስከ 72 ሰዓት ይይዛል፣ ግን በኮንሰርት ቀን ከሰዓት በፊት ይሞላል። ትልቁን ሆቴል ተዉት፤ ክፍሉ ባይደርስም ዕቃ ይቀበላሉ። የጆሮ መክተቻ፣ ቀጭን የዝናብ ልብስ፣ ስልክ መሙያ ያዙ። ምግብ ውስጥ አይገባም፣ ወረፋ ላይ ግን ከቆሎ የሚሻል የለም። አይበላሽም፣ አያቆሽሽም፣ ይይዛል።

ዋርሶ ላይ የሰኔ ጾም ነበር። እናቴ የላከችው ቆሎ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ወጣቱ ፈታሽ አወጣውና በብርሃን አየው። አሸተተው። «ለወፍ ነው?» አለኝ በእንግሊዝኛ። ለሰው ነው፣ ቅመሰው አልኩት። አንድ እፍኝ ቃመ፣ ቆም ብሎ አኘከ፣ ሌላ እፍኝ ጨመረ። ከዚያ ቦርሳዬን ለካና ከኤ4 ይበልጣል ብሎ መለሰኝ።